የባላገሩ ዘፋኝ ልደት በሰቆጣ

ሰቆጣ የባልትና መምህርት ሆኜ ስመደብ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አብዮቱ ሊመጣ ገና ጥቂት ዓመታት ይቀሩታል። ከደሴ ይዤው የመጣሁት የማስተማሪያ መጽሐፍ ስለ ኬክና ስለ ብስኩት አርባ ገጽ ያህል ይተነትናል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ምጣድ እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ኬክ ያስተማርሁት በጠመኔ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፣ ሴቶቹ ተማሪዎቼ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ፣ እኔም «ሠላሳ ደቂቃ ይጋገራል» ብዬ አጠፋዋለሁ። አንድ ቀን አንዷ እጇን አውጥታ፣ «መምህርት፣ ጣዕሙ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንደ አምባሻ ነው፣ ግን ይጣፍጣል» አልኋት። እኔ ራሴ ኬክ የቀመስሁት ደሴ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሰው ሠርግ ነው።

የተከራየሁበት ግቢ የአንዲት ባልቴት ነበር። እማማ እንላቸዋለን። ለእኛ ለተከራዮቻቸው አማርኛ ይናገራሉ፤ ሲናደዱ፣ ሲያዝኑና ከላሞቻቸው ጋር ሲሆኑ ግን በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ነው። ከእኔ ሌላ አንድ ፈረንጅ መምህር እዚያው ግቢ ተከራይቶ ነበር። እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስተምራል። ከቁመቱ የተነሣ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ይጋጫል፤ እማማም ከጓዳቸው ሆነው «እግዜር ይማርህ» ይሉታል። አማርኛ ያውቃል፣ ነገር ግን አንድ ቃል ከያዘ ለሁሉ ነገር እሱኑ ነው የሚጠቀምበት። አንድ ሰሞን «ደረቅ» የሚለውን ቃል ተምሮ ዳቦውም፣ ልብሱም፣ ዳይሬክተሩም ደረቅ ሆነው ከረሙ።

ይህ ሰው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻና ስድስት ሸክላዎች ነበሩት። ስድስቱም የአንድ ዘፋኝ ናቸው። ዘፋኙ ድምፁን ከደረቱ ይጀምርና መሐል ላይ ሲደርስ ይሰብረዋል፤ ልቅሶ ሊሆን ሲል ይመልሰዋል። እማማ ይህን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማን ሞተብህ ልጄ?»

«ማንም አልሞተም እማማ። ዘፈን ነው።»

«ዘፈን ከሆነ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያነባው?»

ፈረንጁ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። በአንዱ ዘፈን ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። በሌላው ታስሯል። በሦስተኛው ውሻው ሞቶበታል። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አመሻሽ ላይ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሸክላው ሳይጀምር በፊት «ዛሬስ ተፈታ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጥምቀት እንዳለፈ ሰሞን ነው፣ ፈረንጁ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እንዲህ ያለኝ፦

«መምህርት፣ የሚመጣው ረቡዕ የባላገሩ ልደት ነው።»

«የየትኛው ባላገር?»

«የዘፋኙ። እሱ የባላገር ዘፋኝ ነው። አገሬ እኔና እናቴ በየዓመቱ እናከብርለታለን። ብስኩት እንጋግራለን፤ የሱን ባርኔጣ፣ የሱን ቦት ጫማ፣ የሱን ጊታር የሚመስል ብስኩት።»

«ሰውየውን ታውቁታላችሁ?»

«አናውቀውም።»

«እሱስ ያውቃችኋል?»

«አያውቀንም።»

«ታዲያ ብስኩቱን ትልኩለታላችሁ?»

«አይ፣ እኛው እንበላዋለን።»

ደብተሮቹን ወደ ሌላው ብብቱ አዛውሮ፣ «አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር በደንብ የምንስቀው በዚያ ቀን ነው። ዘንድሮ ብቻዋን ናት» አለኝ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ ይልቅ በጆሮዬ የቀረው ብስኩት የሚለው ቃል ነበር። ምድጃ ካገኘን የባልትና ክፍሉን ይዤ እኔው እንደምሠራው ቃል ገባሁለት።

በማግስቱ ለዳይሬክተሩ ነገርሁት። ዳይሬክተራችን ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ ጠመኔ ሲያልቅበት ለራሱ ማመልከቻ ጽፎ ራሱ ይፈቅዳል። ነገሬን እስክጨርስ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ።

«ወይዘሪት፣ በዚህ አገር ልደቱ የሚከበረው የማን የማን ነው?» አለኝ።

«የጌታችን፣ የእመቤታችንና የጃንሆይ» አልሁ።

«እና አራተኛው ባላገር ነው?»

«ዘፋኝ ነው።»

«ባላገርም ዘፋኝም?»

በራሱ ሥልጣን ሊፈቅደው አልደፈረም። «ጉዳዩ፦ የባላገር ዘፋኝ ልደት በዓል ስለ ማክበር» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ላከ። እዚያ ማን እንዳነበበው አላውቅም። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። በዓሉ ባላገሩን የሚመለከት እንደ መሆኑ መጠን በእጅጉ የሚደገፍ መሆኑን፣ ሥርዓቱ እንዲጠበቅ፣ በዕለቱም ስለ እርከን ሥራ ጠቀሜታ ንግግር እንዲደረግ ያዝዛል። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። «እርከን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እኮ የታሪክ መምህር ነኝ።»

እኔና ፈረንጁ ከባዶ ጋዝ ቆርቆሮ ኩባያና ኩራዝ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄድን። ለባላገሩ ልደት ሊጡን የምንቆርጥበት ቅርጽ እንዲያወጣልን ነው። ፈረንጁ መሬት ላይ በስንጥር ሣለለት። ሰውየው ተነሥቶ ሥዕሉን ዞሮ ዞሮ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ባርኔጣ።»

«ጠርዙ ለምን ወደ ላይ ታጠፈ?»

«ለጌጥ።»

«ይህስ?»

«ቦት ጫማ።»

«ተረከዙ ላይ ያለው ኮከብ?»

«የፈረስ መኮርኮሪያ።»

«ፈረስም አለው?»

«ሦስት» አለ ፈረንጁ፣ እንደ ኩራት አድርጎ።

ሰውየው ስንጥሩን ከእጁ ተቀበለውና መሬቱ ላይ ጣለው። «ስማ መምህር፣ ሦስት ፈረስ፣ ቦት ጫማ፣ ያጌጠ ባርኔጣ ያለው ሰው ባላገር አይደለም። ይህ ባላባት ነው። አንተ ቃሉ ጠፍቶህ ነው።» ፈረንጁ ወደ እኔ ዞረ። ልዩነቱን ላስረዳው ሞከርሁ። ይበልጥ ግራ ገባው፤ «ታዲያ ባላባቱ የሚኖረው ባላገር አይደለም?» አለኝ፤ እውነትም ነው።

ጊታሩን በተመለከተ ሰውየው አይቶ ስለማያውቅ «እንደ ክራር ያለ ነው» አልሁት። ክራር ሠራ። ጥሩ ክራር፣ ከነአውታሩ።

ከዚያ ጀምሮ የፈረንጅ ባላባት ልደት ሊከበር ነው የሚል ወሬ ገበያውን ዞረ። ሁለት ቀን ሳይሞላ የአንድ ግራዝማች አሽከር ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ግራዝማች ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ የድሮ ባለ ርስት ናቸው። አሽከሩ ቆሞ እንደ ተማረው ተናገረ፦ «ጌታዬ፣ የባላባት በዓል ሲሆን ሳልጠራ መቅረቴ አግባብ ነው ወይ ብለዋል። ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ።» ዳይሬክተሩ ለዚህም ደብዳቤ ጻፈ።

ረቡዕ ደረሰ። ረቡዕ ጾም መሆኑን ያስታወስሁት ዋዜማው ላይ ነው። መጽሐፌ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ይላል፤ ሦስቱም የተከለከሉ ናቸው። በቅቤ ፈንታ ከአበርገሌ የመጣ የሰሊጥ ዘይት፣ በወተት ፈንታ ውሃ፣ በስኳርና በእንቁላል ፈንታ የሰቆጣ ነጭ ማር አደረግሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ መጽሐፉ የሚያስነሣ ዱቄት ይላል፣ እሱ ደግሞ እንኳን ሰቆጣ ደሴም መገኘቱን እጠራጠራለሁ። እኔም አሰብሁና ከዳቦ እርሾ ጥቂት ጨመርሁበት። የተሳሳትሁት እዚያ ላይ ነው።

በከተማው ምድጃ የነበራቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ዳቦ ቤት አላቸው፤ ሐጂ ነው የምንላቸው። የጠዋቱን ዳቦ ካወጡ በኋላ ምድጃውን ለቀቁልን። አሥራ አንድ ተማሪዎቼ ነጠላቸውን አገልድመው ሊጡን ዳመጡ፣ በቆርቆሮው ቆረጡ። ጥሬው ሲታይ እንዴት ያምር ነበር! ባርኔጣው ባርኔጣ፣ ጫማው ጫማ፣ ክራሩ ክራር። ሐጂ በረጅሙ አካፋቸው አስገቡት። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሠላሳ ደቂቃ ይጋገራል» ብዬ፣ ሰሌዳ በማጥፋት ፈንታ ምድጃ ፊት ቆሜ ጠበቅሁ።

ሲወጣ ተማሪዎቼ ሁሉ ሊያዩ ተጋፉ። እርሾው ሥራውን ሠርቶ ነበር። ባርኔጣው አብጦ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስሏል። ክራሮቹ ተጣብቀው መሰላል ሆነዋል። ጫማው ግን ከሁሉ የባሰ ነበር፤ ቅልጥሙ አንገት፣ አፍንጫው ጅራት፣ ያ የተረከዙ ኮከብ ደግሞ ባልታሰበ ቦታ ኩክኒ ሆኗል። ሐጂ አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ዶሮ ነው?» አሉኝ።

«ጫማ ነው ሐጂ።»

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ የእናንተ ጾም? እኔን አይመለከተኝም፤ ግን ሰው ያማችኋል።»

እንዳሉትም አልቀረም። ትሪውን ይዘን ቤት ስንደርስ እማማ አንዴ አዩትና አማተቡ። ሥጋ እንደሌለበት፣ እንቁላልም እንዳልነካው ማልሁላቸው። «በውስጡ የለም ይሆናል ልጄ፣ በመልኩ ግን አለ» አሉ። በመልኩ የሚያስፈስክ ነገር መኖር አለመኖሩን ካላወቁ ወደ በዓሉ እንደማይመጡ ነገሩኝ። የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። አባ መጡ፤ ሽማግሌ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ከእማማም ከእኔም ለየብቻ ሰሙ። ከዚያ አንዱን ብስኩት አንሥተው አገላበጡት።

«ክንፍ የለውም» አሉ።

«የለውም አባ» አልሁ።

«ይህቺ ልጅ ጫማ ነው ትላለች። ጫማ በጾም ይበላል የሚልም፣ አይበላም የሚልም አላነበብሁም።» ብስኩቱን አሸተቱት። «ለማንኛውም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይቀመስ። ከዚያ በኋላ መልክ አያስፈስክም።» ከመሄዳቸው በፊት አንዱን በሻሽ ጠቅልለው ያዙ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሊመረምሩት።

በዓሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተጀመረ። ተማሪውና ሰፈሩ ብቻ ይመጣል ብዬ ነበር፤ የመጣው ግን ግማሹ ከተማ ነው። ግራዝማች በበቅሎ መጡ፤ አሽከራቸው ወንበሩን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ዳይሬክተሩ ከወረቀት ላይ ስለ እርከን አነበበ። አፈር እንዴት እንደሚታጠብ፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚደረደር ተናገረ፤ ስለ ልደት ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰቆጣ ባለበት በዋግ አገር ስለ ድንጋይ መደርደር ትምህርት የሚያስፈልገው ሰው እስካሁንም አላገኘሁም። አንዱ ሽማግሌ ግን በጨዋነት፣ «ልጁ ደክሟል» አሉ።

ቀጥሎ ፈረንጁ ሸክላውን አስገባ። እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ከደስታው ብዛት ሲያጫውት ነበርና የባትሪው ድንጋይ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሸክላው ቀስ እያለ ዞረ። የዘፋኙ ድምፅ ወረደ፣ ወፈረ፣ ተጎተተ። አንዱን ቃል ጀምሮ እስኪጨርሰው ድረስ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሆነ። ያ መሐል ላይ የሚሰበረው ድምፅ አሁን ሲሰበር እንደ ግንድ ነው የሚሰበረው።  ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እማማ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ሴቶቹ ምን እንደሚል ጠየቋቸው። እማማ ዘፈኖቹን ሁሉ ያውቃሉና በኽምጣኛ ይነግሯቸው ጀመር። እኔ ቋንቋውን በደንብ ባልሰማም የት እንደደረሱ ከፊታቸው አውቅ ነበር፦ ሚስቱ ሄደች፤ ታሰረ፤ ውሻው ሞተ። ውሻው ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት ደረቷን መታች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። እማማ ራሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግጥም አወረዱ። አፍታም ሳይቆይ ሜዳው ሞቅ ያለ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ዳይሬክተሩ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። «ወይዘሪት፣ የተፈቀደው ልደት ነው! ለቅሶ በፈቃዱ ላይ የለም!»

ፈረንጁን ፈለግሁት። ማጫወቻው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ደንግጬ ተጠጋሁት። እየሳቀ ነበር፤ እንባው ግን እውነተኛ ነው። «እዚያ አገር» አለኝ ትንፋሹን ለመሰብሰብ እየታገለ፣ «ሰው ይህን ዘፈን የሚሰማው መኪና እየነዳ ነው። እንዲህ ያለቀሰለት ሰው የለም። ለእናቴ እንዴት ብዬ ልጻፍላት?»

በዚህ መሐል ሸክላው ቆመ። ለቅሶውም ቆመ። ግራዝማች ከወንበራቸው ሆነው ዘንጋቸውን አነሡ።

«ይህ ሰው ሞቷል?»

«አልሞተም ግራዝማች» አለ ፈረንጁ፣ ተነሥቶ እጅ ነሥቶ። «ዛሬ ልደቱ ነው።»

«ዛሬ መወለዱን ማን ነገረው?»

«ወረቀት አለው።»

ግራዝማች ዘንጋቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እኔ ወረቀት የለኝም» አሉ። «የተወለድሁት ክፉ ቀን ባለፈ ሰሞን ነው። ወሩን አላውቅም። እናቴ ግን ረቡዕ ነው ትለኝ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ይህችን ቃል እንደ ገመድ ያዛት። ብስኩቱ አርባ ሁለት ብቻ ነው፤ ሰዉ ከሦስት መቶ ያላነሰ ነው፤ ለማን ተሰጥቶ ለማን እንደሚቀር ጨንቆት ነበር። እጁን አንሥቶ፣ ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ብስኩቱ የሚታደለው ረቡዕ ለተወለዱ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ጥበብ መስሎት ነው።

ሰዉ ትሪውን አየ። ከዚያ አንድ ገበሬ ተነሣና፣ «እኔም ረቡዕ ነኝ» አለ። ሚስቱም ረቡዕ ሆነች። ሰልፍ ተያዘ። በዚያ ሜዳ ላይ ማክሰኞ ወይም ዓርብ የተወለደ ሰው ጠፋ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ረቡዕ ነው። ዕለቱን በምስክር ያስረዱም ነበሩ፤ አንዱ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን ጠርተው፣ «አንተ ስወለድ አልነበርህም?» አሉት፤ ጎረቤትየው በሃያ ዓመት የሚያንሳቸው ሲሆን «ነበርሁ» አለ። እማማ ወደ እኔ መጡና በጆሮዬ፣ «እኔ ቅዳሜ ሳልሆን አልቀርም። ግን ማን ያውቃል?» አሉኝ። ረቡዕ ናቸው ብዬ መሰከርሁላቸው። ብስኩቱም ለሁሉ እንዲዳረስ እየተቆረሰ ታደለ።

ሐጂ ብቻ ከሰልፉ ውጭ ቆመው አየኋቸው። ጠጋ ብዬ፣ «እርስዎስ ሐጂ?» አልሁ።

«እኔ ሰኞ ነኝ» አሉ፣ አዝነው። «አባቴ በመጽሐፍ ጀርባ ጽፎታል። የተጻፈ ነገር ምን ይደረጋል?»

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የተወለደበትን ቀን በትክክል የሚያውቀው፣ ብስኩቱንም የጋገረው እሳቸው ሆነው ሳለ ድርሻ የሌላቸው እሳቸው ብቻ ሆኑ። ለራሴ ያስቀመጥሁትን አንድ ጉልላት ሰጠኋቸው። ነክሰው፣ አላምጠው፣ «ማሩ ጥሩ ነው። እርሾ ግን አይገባውም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔ የደረሰኝ የክራሩ ቁራጭ ነው። ደረቅ ነበር፤ ጥርስ ላይ ይንቋቋል፤ መጨረሻ ላይ ማሩ ይመጣል። ያቺ ጣዕሙን የጠየቀችኝ ተማሪ አጠገቤ ቆማ ታኝካለች። «እንደ አምባሻ አይደለም መምህርት» አለችኝ። እኔም አይደለም አልኋት።

ዳይሬክተሩ ለበላይ መሥሪያ ቤት የላከውን ሪፖርት አንብቤዋለሁ። በዓሉ በሰላም መከበሩን፣ ስለ እርከን ሰፊ ትምህርት መሰጠቱን፣ ሕዝቡም በንግግሩ ልቡ ተነክቶ ማልቀሱን ይገልጻል። መልሱ ምስጋና ነበር፤ በዓሉ በየዓመቱ እንዲቀጥልም ያዝዛል።

ፈረንጁ ክረምቱ ሲገባ ወደ አገሩ ተመለሰ። ማጫወቻውንም ሸክላዎቹንም ይዟቸው ሄደ። እማማ ወልድያ ወደሚወርደው መኪና ድረስ ሸኙት፤ ለእናቱ አንድ ቅል ማር አስያዙት። በዓሉ ግን የመንግሥት ትእዛዝ ነውና አልቀረም። በዓመቱ ዘፋኝም ዘፈንም በሌለበት ብስኩቱን ጋገርን፤ ዳይሬክተሩ ስለ ችግኝ ተናገረ፤ ግራዝማች ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ሦስተኛው በዓል ሳይደርስ ወደ ወልድያ ተዛወርሁ።

በእኔ ቦታ የተመደበችው መምህርት ጥር ላይ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። የባላገር ልደት የሚባል በዓል እንድታዘጋጅ መታዘዟን፣ ዳይሬክተሩ የትእዛዙን ደብዳቤ ብቻ አሳይቷት ባላገሩ ማን እንደሆነ ግን የሚነግራት ማጣቷን ገልጻ፣ በትሕትና ማብራሪያ ጠየቀችኝ። ሦስት ገጽ ጻፍሁና መልሼ ሳነበው የእብድ ወረቀት መሰለኝ፤ ቀደድሁት። በምትኩ የዱቄቱን፣ የዘይቱንና የማሩን ልክ ብቻ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ምድጃውን ሐጂ እንደሚለቁላት ጨምሬ ላክሁላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሷ ደረሰኝ፤ በዓሉ ጥሩ ነበር፣ ሰዉ ግን ከታሰበው በላይ ስለመጣ ዱቄቱ አልበቃም ይላል።